«ደንበኛችን» የምታርፍበት ረግረግ አፈር እንዳይደፋበት

ተመልሳለች! ክቡር ሆይ፣ ወፏ ተመልሳለች! ከሰላምታም ከማዕረግም በፊት ይህን ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ፤ አፌ አልታገስ ብሎኝ ነው። አሁን ወግ ባለው መንገድ ልጀምር።

ለከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሐሙስ፣ ሱቅ እንደተከፈተ
ጉዳዩ፦ ከልብስ ማጠቢያችን ጀርባ ያለው ረግረግ እንዳይደፈንና ለመኪና ማቆሚያው ሌላ ቦታ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በረግረጉ ዳር ያለው የልብስ ማጠቢያ ባለቤት ነኝ። ቤቱን ያቋቋሙት አማቴ ናቸው፤ ዛሬ እግራቸው እምቢ ቢላቸውም በጀርባው መስኮት ተቀምጠው ሁላችንንም ያዝዛሉ። ጽሕፈት ቤትዎ በለጠፈው ማስታወቂያ ረግረጉ «ለማንም የማይጠቅም ባዶ ቦታ» ስለሆነ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አፈር እንደሚደፋበት አንብበናል። ባዶ እንዳልሆነ ላስረዳ።

2. አምና ንፋሱ በጠናበት ሰሞን፣ ካሰጣናቸው አንሶላዎች በአንዱ ተጠቅልላ የወደቀች ረጅም እግርና ጎባጣ ምንቃር ያላት ወፍ አገኘን። ክንፏ ደህና ነው፤ ጉልበቷ ግን አልቋል። አንድ እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ቀለበት አለ። እንግዲህ የልብስ አጣቢ ዓይን ቁጥር ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በየደንበኛው ልብስ ላይ የምናስረውን ምልክት። አማቴ «የሌላ ማጠቢያ ቤት ዕቃ ናት፤ ተሳስታ እኛ ጋ መጥታ ነው» አሉ። ልብስ የሚተኩሰው ወንድሜ «እማማ፣ ወፍ ደግሞ ማን ያሳጥባል?» ቢላቸው «አንተ ሸሚዝህን ተኩስ!» ብለው አፉን አስያዙት። ጥቂት ቀን አሳርፈን ስንለቃት፣ ከሌላ ቤት ዕቃ እንዳትቀላቀል ብለው፣ ስልክ ቁጥራችን የተጻፈበትን በፈላ ውሃ እንኳ የማይለቅ የቤታችንን የጨርቅ ምልክት በሌላኛው እግሯ አሰሩላት። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ደንበኛችን» ሆኖ ቀረ።

3. ወራት አልፈው ከባሕር ማዶ ስልክ ተደወለ። የደወሉት የውሃ ወፎችን የሚከታተሉ ባለሙያ ሴት ሲሆኑ በአስተርጓሚ «ይህ ቁጥር የየትኛው የምርምር ተቋም ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ብርድ ልብስም እንቀበላለን» አልኩ። ሳቃቸው ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ከዚያ ግን ጨርቅ የወፍ እግር እንደሚጎዳ ነግረው በትሕትና ገሠጹን፤ ጨርቁን ፈትተው አረንጓዴ ቀለበት አድርገውላታል። ሁለተኛ አይለመደንም።

እኒሁ ባለሙያ እንዳስረዱኝ ወፏ ጫጩት የምትፈለፍለው በእሳቸው አገር ነው፤ መንገድ ላይ በሌላ አገር ሐይቅ ታርፋለች፤ ብርዱን የምታሳልፈው እኛ ጋ ነው። አገሮቹ፣ የእኛም ጭምር፣ መንገዷን አብረው ሊጠብቁ ተስማምተዋል። እነሱ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ሣሩን ሳያጭዱ ይቆያሉ። በመካከለኛው አገር አዳኞች በሐይቁ ዳር ማደን ትተዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ረግረጉን አለመንካት ብቻ ነው! ነገሩ እንደ እኛው ሥራ ነው፤ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይጨምቃል፣ አንዱ ይተኩሳል። የመጨረሻው ካቃጠለው የሁሉም ድካም አመድ ሆነ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ያውቃል፤ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ነበር... እሱን እንተወው።

4. ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ አማቴ ከመስኮቱ አልነሣም አሉ። «መጥታ አፈር ብታገኝ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?» ይላሉ። እኔም አልዋሽዎትም፣ የቀረች መስሎኝ ነበር። ትናንት ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ ግን «አንቺ! ደንበኛሽ መጥታለች፣ ምን ትጎለቻለሽ!» ብለው ሰፈሩን አናጉት። ሮጬ ብደርስ አረንጓዴ ቀለበቷን አድርጋ ጭቃውን በምንቃሯ ትወጋለች፤ ያውም ጓደኞቿን አስከትላ! አማቴ ዓይናቸውን በመጋረጃው ሲጠርጉ አይቼ እንዳላየ ሰው አለፍኩ። መጋረጃው ንጹሕ ነው፤ በዚህ አይጠርጥሩን።

5. ስለዚህ አፈር መድፋቱ እንዲቀርልን በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ የመኪና ማቆሚያ ጠላት አይደለሁም፤ ደንበኞቼም መኪና አላቸው። በመንገዱ ማዶ የተዘጋው የሳሙና ፋብሪካ ግቢ ደልዳላ ነው፣ ሲሚንቶም የፈሰሰበት ነው፤ አንድ ወፍ እንኳ አትቀየምበትም። በእኛ ሙያ ምልክት ሰጥቶ ያሰናበቱትን ደንበኛ በር ዘግቶ መጠበቅ ትልቅ ነውር ነው።

6. ማስረጃዬ ጭቃው ውስጥ ቆማለችና መጥተው ይዩልኝ። በስልክ ያወቅናቸው ባለሙያ ከመካከለኛው አገር ባልደረባቸው ጋር ወፎቹን ሊቆጥሩ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ፤ ሰፈሩም ሊቀበላቸው ሽር ጉድ ላይ ነው። እርስዎም ከነቤተሰብዎ ይምጡልን። ግራጫ ኮትዎ ታጥቦ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ሒሳቡን አስቀድመው ስለከፈሉ በጉቦ አይቆጠርብኝም። ጫማዎ ግን ጭቃ የሚችል ይሁን።

ከእኔም፣ ከመስኮቱ ካልተነሡት አማቴም የከበረ ሰላምታ ጋር፣
(ፊርማ)
የልብስ ማጠቢያው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ሰው በሙሉ። አፈሩ ሰኞ ነው ተብሏል፤ ደስታችን ግን ይቀድማል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ በማጠቢያው ጀርባ። ማንም እንዳይቀር!