ሠላሳ ስድስት ሜጋባይት ስለሚመዝነው ማስታወቂያዎ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
እንጅባራ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በድረ ገጽዎ ላይ እንደተሰቀለው ፎቶግራፍዎ የጠራ፣ ዕድሜዎም ያ ፎቶግራፍ ተከፍቶ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ረጅም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ትዕዛዙ ነኝ። ደህና ነኝ። ደንበኞቼም ደህና ናቸው፤ እስካሁን እየጠበቁ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናው ስለበዛ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ለችግኝ ማፍያ የሚሆን ቦታ እንዲሰጣቸው የተመረጡትን የሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰዎች ስም ሰኞ ዕለት በድረ ገጽዎ ስላወጡልን እናመሰግናለን። በተለይ አሠራሩ አስደንቆናል። ስሞቹ ኮምፒውተር ላይ ተተየቡ። ከዚያ በወረቀት ታተሙ፣ ተፈረመባቸው፣ ክብ ማህተም አረፈባቸው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ከእርስዎ ፎቶግራፍ ሥር ተለጠፉ። ቀጥሎ ሰሌዳው ከነመስታወቱ በአዲሱ ካሜራ ፎቶ ተነሳና ወደዚያው ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ያነሳው ሰውም በመስታወቱ ላይ በደንብ ይታያል፤ ጃኬቱ ያምራል። ከኮምፒውተር ተነስቶ ኮምፒውተር ለመድረስ ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ ዝርዝር በዞናችን ያለ አይመስለኝም። ሰሌዳው ሥራውን ስለጨረሰ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆልፎበታል። ወጥቶ እንድናነበው ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሰሌዳ እኮ ቀረ፤ ዲጂታል ሆነናል» ብሎ በኩራት መለሰልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለሰጡን የትዕግሥት ሥልጠና እናመሰግናለን። ማክሰኞ ጠዋት ወርቅአየሁ የምትባል ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ መጥታ ቤቴ ገባች። አሥራ ሁለት ሺህ የዲከረንስ ችግኝ አላት፤ እርስዎ እንደሚያውቁት አገሩ ሁሉ ከሰል የሚያከስለው ዛፍ ነው። ችግኙ ያለው በሰው መሬት ላይ ነው። ባለመሬቱ ልቀቂልኝ ብሏታል፤ የችግኙም ሥር ፕላስቲኩን መቅደድ ጀምሯል። ስሟ ከተመረጡት ውስጥ ካለ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ቀርባ መፈረም አለባት፤ ካልፈረመች ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል። ስለዚህ ድረ ገጽዎን ከፈትን።

መጀመሪያ ፀጉርዎ መጣ። ጥሩ ፀጉር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግንባርዎ ተከተለ። ቅንድብዎ ላይ ኔትወርኩ ትንሽ አረፈ። አፍንጫዎ ብቅ ሲል ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ሥራቸውን ትተው ገቡ፤ አንደኛው፣ «ከምሳ በፊት አገጩ ከወጣ ባጃጄን ውሰዱት!» ብሎ ተወራረደ። ባጃጁ አሁንም የእሱ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የክራቫትዎ ቋጠሮ ሲታይ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከክራቫትዎ ሥር ስሞቹ በፊደል ተራ ጀመሩ። በሀ የሚጀምር ስም ያለው ሰው እናቱን ያመስግን። አበረ የሚባል ሰው አሥር ሰዓት ላይ ታየ፤ ማን እንደሆነ ባናውቅም ቆመን አጨበጨብንለት። «ከ» ፊደል ላይ ስንደርስ፣ «ወ» ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ገጹ እንደገና ከፀጉርዎ ጀመረ።

ወርቅአየሁ በዚያች ቅጽበት በአገውኛ የተናገረችውን አልተረጉምልዎትም፤ ቋንቋውን አሳምረው ያውቁታል።

ሦስተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ እናመሰግናለን። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ፎቶውን በፍላሽ ልንቀዳ ወደ እርስዎ ቢሮ በእግራችን ሄድን። ኔትወርኩ አንድ ቀን ሙሉ ያልጨረሰው መንገድ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ ፀጋው ሳይሰለች ገለበጠልን። ፎቶው ሠላሳ ስድስት ሜጋባይት ይመዝናል። እኔ ዘንድ የምትሠራው ነኢማ፣ የጨርቅ ነጋዴው የመርዋን ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ አይታው በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንፈራፈረች። «ጋሽ ትዕዛዙ፣ ይሄ እኮ የፎቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው! በስልክ ለሚያይ ሰው ማን እንዲህ ይጭናል?» አለች። ከዚያ ስፋቱን ለስልክ በሚበቃ ልክ አደረገችው፤ ዓይን የማይለየውን ዝርዝር ወደሚተው ቀለል ያለ የፋይል ዓይነትም ቀየረችው። አራት ደቂቃ ፈጀባት። ፎቶው ሁለት መቶ ኪሎባይት ሆነ። ስሞቹ ይነበባሉ፣ ማህተሙ ይነበባል፣ ፈገግታዎም ከነጥርሱ አለ። ወርቅአየሁ በተራ ቁጥር አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ስሟን አገኘችና ነኢማ አንገት ላይ ተጠምጥማ አገላብጣ ሳመቻት።

ትንሹን ፎቶ በትልቁ ፈንታ እንዲሰቅሉት ብለን በስጦታ ይዘንልዎት ተመለስን። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸጋ መነጽራቸውን አጥልቀው መረመሩት። «ጥሩ ነው» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ግን ይሄ ሠላሳ ስድስት ነበር አይደል? የቀረው የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ተጨምቆ ነው፣ እትዬ» አለች ነኢማ።

«ማህተም ያረፈበት ሰነድ ይጨመቃል እንዴ ልጄ? ሎሚ ነው? በወጣው ውስጥ የሰው ስም ቢኖርበትስ?»

ነኢማ ስሞቹን አንድ በአንድ ቆጥራ አሳየቻቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሞሉ። ወይዘሮ ሸጋ ግን መቁጠር የኮሚቴ ሥራ መሆኑን በትሕትና አስረዱን። እነሆ፣ የጎደለው ሠላሳ አምስት ሜጋባይት ከምናምን የት እንደገባ የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በእርስዎ ፊርማ ተቋቁሟል። ወርቅአየሁም ለመፈረም ስትመጣ ከድረ ገጹ ላይ የታተመውን፣ ያልተነካውን፣ ሙሉውን ፎቶ ይዛ እንድትቀርብ ተነግሯታል። አቶ ፀጋው እዚያው ቢሮ ውስጥ ሆኖ ሊያትምላት ገጹን ከፈተ። ፀጉርዎ መጣ።

ኮሚቴውን ለማገዝ ያህል ነኢማ ትልቁን ፎቶ ከፋፍላ መዝናልዎታለች። ከሠላሳ ስድስቱ ሜጋባይት ውስጥ ሃያ ዘጠኙ እርስዎ ነዎት። የዞኑ ችግኝ አፍሊዎች ሁሉ፣ ማህተሙም ጭምር፣ በቀረችው ሰባት ውስጥ ተቃቅፈው ይኖራሉ።

አራተኛ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ማክሰኞ ነው። ዓርብ ከማክሰኞ በፊት ይውላል። ይህን የጠቀስኩት ምናልባት ከሥራ ብዛት ልብ ሳይሉት ቀርተው እንደሆነ ብዬ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉልን እለምናለሁ። ወይ ትንሹ ፎቶ ዛሬውኑ በትልቁ ቦታ ይሰቀል፤ አቶ ፀጋው የአንድ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ ነግሮኛል፤ የሚጠብቀው ትእዛዝዎን ብቻ ነው። ወይ ደግሞ የመፈረሚያው ቀን ትልቁ ፎቶ ለሁሉም አመልካች ተከፍቶ እስኪያልቅ ይራዘም፤ እንደ ነኢማ ስሌት ይህ እስከ መስቀል ይደርሳል። ችግኞቹ ግን እስከ መስቀል አይቆዩም። ዝናቡ አይቆይላቸውም፣ ባለመሬቱም አይቆይም። አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ ከነፕላስቲኩ መንገድ ዳር ሲጣል ፎቶ ማንሳት ቢያስፈልግ፣ ካሜራዎ ግሩም እንደሆነ ሁላችንም መስክረናል።

ከወ እስከ ፐ ካሉት አመልካቾች ትዕግሥት ተውሼ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ ወደ ቢሮዎ አቅጣጫ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ትዕዛዙ

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ ነኢማ ትንሹን ፎቶ ወደ አዲስ ቅዳም በቴሌግራም ልካዋለች፤ ወርቅአየሁ ሚኒባስ ሳትሳፈር እዚያ ደርሷል። ስማቸው ከወ ጀምሮ የሰፈረው ሠላሳ አራት ሰዎች የከሰል መጫኛ አይሱዙ ተኮናትረው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢዎ ይደርሳሉ። በአንድ አይሱዙ ተጠጋግተው ቢጫኑም ሲወርዱ አንድ ጣት እንኳ እንደማይጎድልባቸው ወይዘሮ ሸጋ በዓይናቸው ማረጋገጥ ይችላሉ። መታወቂያቸውን ይዘዋል፣ እስኪርቢቷቸውን ይዘዋል፣ ምሳቸውንም ቋጥረዋል። ኔትወርክ አያስቸግሩዎትም። እንዲከፈትላቸው የሚፈልጉት በሩን ብቻ ነው።