ትራሱ ላይ የቀረው ነጭ

ሰኞ
«እዚያ ቤት የተፀነሰ ልጅ ፊደል አይዝም፤ ቤቱ ጂን አለበት።» ሱቅ ደጃፍ ሁለት ሴቶች ሲጫወቱ ሰማሁ። የሚያወሩት ከተከራየሁት ዓመት ስለሆነኝ ቤት ነው። ሆዴን ሲያዩ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዞረ።
አንደኛ ክፍል ስለማስተምር ፊደል የማይዝ ልጅ ብርቄ አይደለም። ግን ከኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ፣ ሶፊያና ናትናኤል፣ የት ነው የተፀነሱት?

ማክሰኞ
የሶፊያን እናት ጠየቅኳት። «አሁን አንቺ ያለሽበት ነዋ፣ ቲቸር። እሷን አርግዤ እዚያ ነበርን።» የናትናኤል እናትም እዚያው ነበርን አለችኝ። ቤተሰቦቹ አይተዋወቁም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ትናንት የቆጠሩትን ፊደል ዛሬ እንደ እንግዳ ያዩታል።
መኝታ ቤቱን ዞሬ ፈተሽኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም።

ረቡዕ
አልጋ ሳነጥፍ ትራሱ ግራጫ ሆኗል። ጭንቅላቴ ያረፈበት ብቻ ነጭ። እሁድ ነው ያጠብኩት። እስከዛሬ እድፍ ነው እያልኩ ሳጥበው ኖሬያለሁ።
ከጀርባችን ዳቦ ቤት አለ። ምድጃው ንጋት ላይ ይለኮሳል፤ ጢሱ በኮርኒሱ ስንጥቅ ይገባል። ጂን ከሆነ ሰዓት አክባሪ ጂን ነው።
ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ለነርሷ ነገርኳት። «እናት የምትስበው ጢስ ፅንሱንም ይነካል። ኋላ ትኩረቱን፣ ትምህርቱን ሊጎዳ ይችላል። ሁሉንም ልጅ አይደለም። ግን ከቻልሽ ውጪ።» ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ
ለአከራዬ ለአዴ ፋጡማ ስለ ጢሱ ነገርኳቸው። «ጢስ ምን ያደርጋል፣ ልጄ? ጂን ነው» አሉና ፍም ላይ ወይራ ጨምረው ክፍሉን አጠኑልኝ። በሩንም ዘጉት። እኔ ውስጥ ነኝ።
ዳቦ ቤቱ የእሳቸው ነው። ጂኑ የማንም አይደለም።
ባሌ እህል ሊጭን ከሄደበት ከአቦምሳ ደወለ። «እንውጣ» አልኩት። ሳሌን ሲሰማ ለምን አላለኝም።

ቅዳሜ
ወጣን። አዲሱ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ የአሰላ ብርድ እዚህ ይብሳል፣ አየሩ ግን ጥርት ያለ ነው።
ዕቃ ስንጭን አዲሶቹ ተከራዮች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ሙሽሮች ናቸው። ሙሽራዋን ጠጋ ብዬ ስለ ጢሱ ነገርኳት። አዴ ፋጡማ ቀድመውኛል። «ጂኑ እኮ ካንቺ ጋር ወጣ አሉ» አለችኝ፣ አዝናልኝ።

እሁድ
ትራሱን ገልብጬ አየሁት። ነጭ ነው፣ ዙሪያውን። ሶፊያንና ናትናኤልን ከነገ ጀምሮ ለብቻ ላስጠና ወስኛለሁ። ልጄ ሲራገጥ አደረ። ቤቱ ተስማምቶታል አልኩ።
ዘጠነኛ ወር የገባሁት ባለፈው ሳምንት ነው።