ስልኩ ቆሞ፣ አባባ ተኝተው

ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድሽ እኅቴ ለጌጤ፦

ከባሕር ማዶ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ በሙቀቱ የሚያስቸግርሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ዕረፍት ይሰጡሻል? እኛ ዘንድ ክረምቱ ወጥቷል፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ገብሱ ግን ያምራል። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና የምልሽ እንዳለፈው ጊዜ እንዳትጨነቂ ብዬ አይደለም፤ እውነቴን ነው።

ባለፈው በስልክ እያለቀስሽ "አባባ እህል ካልቀመሱ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ" እንዳልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በሚቆራረጥ ስልክ ከምነግርሽ ብዬ፣ ለዕረፍት የመጣችው ማሬ ወደ ኩዌት ስትመለስ እንድታደርስልኝ ይህን ጻፍሁ። አትምጪ። አባባ እየበሉ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው አባባ የዕለት ጸሎታቸውን ከአያታችን የብራና መጽሐፍ ሳያደርሱ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን በግራ ጎናቸው ከመተኛት በቀር አልሆንላቸው አለ። ብራናው ይከብዳቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በቃላቸው ሲሞክሩት መካከል ላይ ይጠፋባቸውና እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። እንዲህ ሲሉ ቀኑ ይመሻል፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይተዉታል። የንስሐ አባታቸው "ታመዋልና ይቅርብዎ" ቢሏቸው "የታመምሁት እኔ፣ ጸሎቱ ምን ሆነ?" አሉ። ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው የወፍ እግር መሰለ።

ያን ጊዜ አንቺ የላክሽው ትልቁ ስልክ ትዝ አለኝ። መጽሐፉን በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሰው በሌለ ሰዓት፣ በኮምፒውተር ጻፍሁትና ፊደሉን ባቄላ አሳከልሁት። አናጢው ሙላቴም ለስልኩ የእንጨት መቆሚያ ሠራልን። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ እንዳይሰባበር ጽሑፉ በስልኩ ርዝመት መሄድ አለበት። አባባ በጎናቸው ስለሚተኙ ደግሞ እንዲያ እንዲያነቡት ስልኩ መቆም አለበት። ስልኩ ሲቆም "አንባቢዬም ቆሟል" ብሎ ጽሑፉን ያቆመዋል! መሬት ወዴት እንደ ሆነች የሚያውቅበት ነገር በሆዱ አለው፤ የሰው አንገት ወዴት እንደ ተጋደመ ግን አያውቅም። እንዳይዞር ብቆልፈውም የሚቆለፈው እንደ ቆመ ነው። አባባ "እኔ ስተኛ እሱ ይነሣል፤ ይህ ስልክ ንቆኛል" አሉ።

ከድጃን አትረሺያትም፣ ገበያው ዳር በርበሬና እርድ የምትሸጠውን። መጠቅለያ የምታደርገውን ወረቀት ከተማሪዎች በኪሎ ትገዛለች። ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ሁሉ የለቀምሁት ከእርሷ ወረቀት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍን የተማርሁት እርድ እየሸተተኝ ነው ብልሽ አትሳቂ። ከዚያ በአንዱ ላይ የስልክን ገጽ በትእዛዝ ማዞር እንደሚቻል፣ "መሬቷን ተዋት፣ እኔ እንዳልሁህ ሁን" የሚባልበት መስመር እንዳለ አነበብሁ። ገጹ ግን ግማሽ ነው፤ ግማሹን ከገሳይ ለመጣች አንዲት ሴት ኮረሪማ ጠቅልላበታለች። "አሰለፈች፣ ቅመም ልትገዢ ነው ወይስ ወረቀት?" እያለች ስትስቅብኝ፣ የጎደለውን በሙከራ ሞላሁት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በዘጠነኛው ቀን ስልኩን አቁሜ፣ አንገቴን እንደ አባባ ወደ ግራ አጋድሜ ባየው ጥርት ብሎ ተነበበልኝ። ነጠላዬ እስኪወድቅ ወደ ቤት ሮጥሁ።

አባባ አንድ ጊዜ አዩትና "ልጄ፣ መጽሐፉ እንደ ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቅሏል" አሉ። እኔ ደግሞ ጠጋ ብዬ "ኧረ ይነበባል፣ አባባ" አልሁና ሦስት መስመር አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ከስልኩ ወደ እኔ መልሰው "የተገለበጠውን እኮ ነው የምታነቢው። አንቺ ፊደልን ከየት በኩል ነው የተማርሽው?" አሉኝ።

ጌጤ፣ አርባ ዓመት የደበቅሁት ነገር እንዲህ ወጣ። አባባ የመንደሩን ወንዶች ልጆች ሲያስቆጥሩ እኔ ከልጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። መጽሐፉ ወደ ልጆቹ ዞሮ ስለሚዘረጋ ለእኔ በራሱ ተተክሎ ይታየኛል። ፊደልን ያወቅሁት እንዲያ ነው፤ ቀናውን የለመድሁት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ሁለቱን ሳላስብ አልለያቸውም። አባባ ሰምተውኝ ሲያበቁ "እኔ የማየው እንዝርትሽን ነበር። ይህች ልጅ ክሩ ለምን ይበጠስባታል እያልሁ እቆጣሽ ነበር" አሉ።

ፕሮግራሙን ላቃና ወደ ሥራ ቤቴ ስነሣ፣ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ "እናንተ የተማራችሁ፣ ስልኩን ብትገለብጡትስ?" ብለው በራሱ ተከሉት። በትእዛዝ ተይዟልና ጽሑፉ አልዞረም፤ ከስልኩ ጋር ተገልብጦ ቀና አለ! እኔ ዘጠኝ ቀን፣ እርሳቸው በአንድ እጃቸው! አባባ "ዳሌዬን! ኧረ ዳሌዬን!" እያሉ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት መስመር እንደ ሄዱ ቆም አሉና "ብራናውን ከማኅደሩ አውጪና ተቀበይኝ" አሉኝ። እኔን! አንዱን እርሳቸው ከስልኩ፣ አንዱን እኔ ከብራናው እየተቀበልሁ፣ እማማ ወጡን ከእሳት ሳያወርዱ ጨረስነው። አባባ የቀረበላቸውን በልተው "ጨምሩልኝ" አሉ። ለካ ብራናውን ሳላውቀው ገልብጬ ኖሯል የያዝሁት። ላዞረው ስል እጄን ይዘው "ተዪው፣ እንደ ለመድሽው" አሉ። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን፣ በየጠዋቱ እንዲሁ ነን።

እማማ ጉንጭሽን እየሳሙ "ስልኩን ያዞርሁት እኔ መሆኔን ጻፊላት" ብለዋል። ሙላቴ እጅ ነሥቶሻል። ከድጃም ሰላም ብላሻለች፤ ይህን የጻፍሁበትን ወረቀት የሰጠችኝ እርሷ ናትና ቢሸትሽ እርድ ነው። አባባ "እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን፤ ደብዳቤውን ከየትም በኩል ታንብበው" ይሉሻል።

እኅትሽ አሰለፈች
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.