አምስተኛው ጥፋት

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ ማታ

ካልሲዬን አጥቤ አሰጣሁ። ተረከዜ ተልጧል። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ ማስታወሻዬ፤ ዛሬ አንተው ቻለኝ።

ቅርጫት ኳስ፣ ሰቆጣና አምደወርቅ፣ ሴቶች። ዳኞቹ እኔና መ/ር ጌታሁን። ሊያልቅ ሲል የሰቆጣዋ ልጅ ዘላ ስትወረውር እጇን ተመታች። ፊሽካ ነፋሁ፤ የአምደወርቋ ዝናሽ ላይ። አምስተኛ ጥፋቷ ስለሆነ ከጨዋታ ወጣች። ዝናሽ ማለት ደግሞ ቡድኑ ማለት ናት፤ ያለእሷ ተሸነፉ። ልጅቱ አልጮኸችም። "እኔ አልነካኋትም፣ ቲቸር" ብላ ሄደች። አሠልጣኟ ግን እንዴት እንደጮኸብኝ! ባለጌ። ያየሁትን አውቃለሁ።

እሁድ፣ 9

አላየሁም።

ከቅዳሴ መልስ ጌታሁንን አገኘሁት። የመታችው ከዝናሽ ጎን የነበረችው ልጅ ናት አለኝ፤ እሱ ከቆመበት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አልኩት።

"ፊሽካው ያንቺ ነው። በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርሽ?"

ምነው ባሳፈረኝ! በእሱ ይሉኝታ ልጅ ተቀጣች። ጥዬው ሄድኩ። ቤት ስገባ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ዓይኔ ኳሱ ላይ ነበር። ከኋላ ሆኜ፣ ጀርባቸው ከልሎኝ፣ "ጧ" ሲል ሰምቼ ነፋሁ። በጆሮ ዳኝነት! ደንቆሮ።

ረቡዕ፣ 12

ጌታሁንን ይቅርታ ጠየቅሁት። በግማሽ ልብ። ተስማማን፦ አንዳችን ያላየነውን ሌላው ካየ ጨዋታ ይቆማል፤ እንነጋገራለን።

ከሰዓት በት/ቤቱ ሜዳ ብቻዬን ሮጥኩ። ኳስ የለ፣ ተጫዋች የለ፤ የዳኛ አቋቋሜን ላርም ብዬ ነው። ወደ ጎን መውጣት። በሁለት ሰው መሀል ያለውን ክፍተት መፈለግ። ዘበኛው አበደች ሳይል አልቀረም።

ቅዳሜ፣ 15፤ ማታ

ሰቆጣና ዝቋላ። ነጥቡ ተቀራርቧል። ኳስ ወጣ፤ ለሰቆጣ ሰጠሁ። ጌታሁን ሮጦ መጣ፤ መጨረሻ የነካችው የሰቆጣዋ ናት አለኝ። ለዝቋላ መለስኩት።

ሜዳው ነደደ። የውሃ ፕላስቲክ ትከሻዬን መታኝ። አንዲት ሴትዮ በኽምጣኛ ሰደበችኝ፣ የማልሰማ መስሏት። የእናቴን ቋንቋ! ዞር ብዬ በዚያው በኽምጣኛ መለስኩላት፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ሰቆጣ፣ የገዛ ከተማዬ፣ ተሸነፈ። የገዛ ወንድሜ እስካሁን አላናገረኝም። ይተወው። እራቴን ግን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሰኞ፣ 17

ውድድሩን የሚመራው ሰውዬ ጠራኝ። ተቀመጪ እንኳ አላለኝም። ዳኛ ቃሉን ካጠፈ ይናቃል፣ ከተማውንም አዋረድሽ አለ። ሰማሁት። ቀጥሎ ያለው ነው ደሜን ያፈላው። ዞናችንን ዋግን ወክለው ባሕር ዳር የሚሄዱት ልጆች ነገ ይመረጣሉ፤ ዝናሽ የለችበትም። ለምን? ጥፋት ታበዛለች፣ በወሳኝ ሰዓት ቡድኗን ጥላ ትወጣለች ተብሎ።

የመጨረሻው ጥፋት የእሷ አይደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት።

"አንዴ ተፈርዷል። ይህን አፍሽን ካልዘጋሽ የፍጻሜውን ጨዋታ አትመሪም" አለኝ።

ለፍጻሜው ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ያለው። በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ነገ ጠዋት መራጮቹ ፊት እቆማለሁ። ጌታሁን አብሬሽ እመጣለሁ ብሏል፤ ቢቀርም እሄዳለሁ። ፍጻሜውን ለፈለጉት ይስጡት።