ጥይት ያልተገኘለት የአጥር መከርከሚያዬ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሸዋንግዛው ጉልላት፣
የቀበሌያችን ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
አዋሳ፤ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ማኅተምዎም ከእጅዎ እንዳይለይ እመኛለሁ። እኔ አጥር በመከርከም የምተዳደረው ታምሩ ኩማ፣ ሂስ የእያንዳንዱ ነዋሪ ግዴታ መሆኑን በየእሑዱ ስብሰባ ሳይታክቱ ስላስተማሩን፣ ትምህርቱ መሬት አለመውደቁን ለማስመስከር ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጽሕፈቱ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ የግራ እጅ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የቀኝ እጄን ጣቶች ቁርጥማት ከያዘኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የአጥር መቀስ ከፍቶ መዝጋት አቃተኝ፤ ጽድ ከመከርከም ሌላ የማውቀው ሙያ ደግሞ የለም። ነጋዴው ጎረቤቴ ሙህዲን ክንፉ የተሰነጠቀ የቤት ቬንቲሌተር በሰጠኝ ጊዜ፣ የላስቲክ ክንፎቹን ፈትቼ በምትካቸው ከአሮጌ መጋዝ የሞረድኳቸውን ሁለት ስለቶች አሰርኩበት፤ የሽቦ መከለያውን በፊት በኩል ቆረጥኩለት፤ የዶማ እጀታ ገጠምኩለትና ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጠልኩለት። ወፍራም እንጨት ሲያገኝ ይታነቃል፤ ለጋውን ቀንበጥ ግን እንደ ጸጉር ይላጨዋል። በክንዴ ታቅፌው ስለምሠራ ጣቶቼ አይቸገሩም ነበር። ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ ከደስታነሽ ጋር ጎረቤት ሳናስቸግር የኖርነው በእሱ ነው።

ለዚህ መሣሪያ ከጽሕፈት ቤትዎ የተደረገለትን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ባለፈው ነሐሴ፣ በጠራራ ፀሐይ የሰው አጥር እየከረከምኩ ሳለ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ስለት ያለውና የሚጮህ ነገር በሕዝብ መንገድ ላይ በመገኘቱ መሣሪያዬን ወስደውታል። ንቃታቸውን አደንቃለሁ። መሣሪያውን ብቻ ይዘው እኔን ስለተዉኝም እጅ እነሣለሁ።

2ኛ/ ጽሕፈት ቤትዎ ለተያዘ ንብረት ያለው ቅጽ የጦር መሣሪያ መመዝገቢያው ብቻ ስለሆነ፣ ጸሐፊዎ ጓድ ግዛቸው አንድም ቦታ ባዶ እንዳይቀር በመጠንቀቅ፣ ዓይነት በሚለው ላይ «ባለ እጀታ»፣ ስሪት በሚለው ላይ «አዋሳ»፣ የጥይት ብዛት በሚለው ላይ «ለጊዜው አልተገኘም» ብሎ ሞልቶታል። አልተገኘም የተባለ ነገር መፈለጉ አይቀርምና፣ ጥይቱን እንዳወጣ ሦስት ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተጠየቅኩ። እኔ እዚያ ሳለሁ ጓዶቹ ጓሮዬ ገብተው የደስታነሽን የሽንኩርት መደብ ቆፈሩ፤ የእንሰቱንም ሥር ገለበጡ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ሽንኩርቱን ግን ይዘውት ስለሄዱ ፍለጋው ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም።

3ኛ/ በአራተኛው ቀን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከጽሕፈት ቤትዎ ጀምሮ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ያለውን ጽድ በሙሉ በመቀስ እንድከረክም በማኅተም አዘዙኝ። ጣቶቼን ዘርግቼ ሳሳይዎ፣ ሰፊው ሕዝብ ከዚህ የከበደ ተሸክሟል ብለው አጽናኑኝ። ደስታነሽ በየጠዋቱ መቀሱን ከመዳፌ ጋር በነጠላዋ ቅዳጅ እያሰረችልኝ፣ አንዱን እጀታ እሷ አንዱን እኔ ይዘን፣ አሥራ ሁለት ቀን ከረከምን። በአሥረኛው ቀን ጣቶቼ ታጥፈው ቀሩ። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ከእንግዲህ እንደማይዘረጉ ነግሮኛል። በበዓሉ ዕለት ለእንግዶቹ አጥሩ በነዋሪው በጎ ፈቃድ መከርከሙን ሲያስረዱ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጭብጨባው ደመቅ ያለ ነበር። እኔ ግን ወደ ቦዩ ዞሬ ምራቄን ተፋሁ፤ አፌ ውስጥ የገባ ነገር ኖሮ አይደለም።

4ኛ/ ከበዓሉ በኋላ መልእክተኛዎ ቤቴ መጥቶ የድሮዎቹ የላስቲክ ክንፎች ለምርመራ እንደሚያስፈልጉ ተናገረ። ደስታነሽ መሣሪያው ሊለቀቅልን ነው ብላ አጥባ፣ የተሰነጠቀውንም በክር አጥብቃ ሰጠችው። በማግሥቱ አዲሱን ጎማ ጫማዬን አድርጌ መሣሪያዬን ልረከብ መጣሁ። ስለቶቹ መዝገብ ቤት ጥግ ተጥለዋል፤ የዶማው እጀታ በር መደገፊያ ሆኗል፤ የቀረው የላስቲክ ክንፎቹ ተመልሰውለት ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ አንገትዎን ያናፍሳል። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። ተመልሼ ወጣሁ፤ ፈርቼ ሳይሆን ተጸይፌ ነው። ሌባ እንኳ ሰርቆ ይሸሻል፤ እርስዎ የሰው እንጀራ ወስደው፣ ቅጽ ሞልተውበት፣ በነፋሱ ያንቀላፋሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ፤ ግን የሰው ጣት ጭምር ይበላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ያንገሸግሸኛል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ንብረቴ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እኔ ባልይዘውም ደስታነሽ ትይዘዋለች፤ አሠራሩን አሳይቻታለሁ። ጥይቱ የተገኘ እንደሆነ ግን ለጽሕፈት ቤትዎ በስጦታ ተበርክቷል።

ለነዋሪው በሚያሳዩት ርኅራኄ ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ እስከ ዛሬ የቀሩልኝን አምስት የግራ እጅ ጣቶች በክብር አንሥቼ የምሰናበትዎ፣

ታምሩ ኩማ
(ፊርማው የግራ እጅ ነው)

ማሳሰቢያ፦ መሣሪያው ሲወሰድ ስለ አያያዙ የጠየቀኝ ስላልነበረ አንድ ጉዳይ ሳይነገር ቀርቷል። ከሞተሩ ሽቦዎች የአንዱ ላስቲክ ተልጦ ከብረቱ ገላ ጋር ይነካካል፤ እኔ የምይዘው በእንጨቱ እጀታ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አውልቃችሁታል። እጅዎን ታጥበው ሳያደርቁ እንዳይነኩት አደራ እላለሁ። ከፍቅር የመጣ ምክር ግን አይምሰልዎ፤ ቢሞቱ ለቀብርዎ መንገዱን ከርክም መባሌ አይቀርም፣ መቀስ የሚይዝ ጣት ደግሞ አላስተረፉልኝም።