አመድ ላይ የቀረው ዱካ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለጸሐይነሽ ገብረ አምላክ፣
አዲስ አበባ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ወልደ ገብርኤል ደኅና ናቸው? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደኅና ነን፤ የእናታችን ጉልበት እንኳ ዘንድሮ ቁልቁለቱን ሳያማርር ይወርዳል። «ቴሌቪዥን በሌለበት አገር ያ ልጅ ሳምንቱን በምን ይገፋው ይሆን?» ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳልቀረሽ አውቃለሁ።

ያን የእንግሊዞች የወንጀል ተከታታይ ፊልም ይዤው መጣሁ እንጂ ትቼው አልመጣሁም። ለማስተማር እዚህ ከተመደብሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ በሐጂ ሰላሕ ሱቅ ደጃፍ እተርከዋለሁ። እናንተ ቤት እኔ እንግሊዝኛውን ስተረጉም አንቺ የሰዎቹን እጅ እያየሽ ገዳዩን ትገምቺ ነበር፤ እዚህ ግን ገማቹ ሠላሳ ሰው ነው። ጭጋጉን፣ ከድልድዩ ሥር የተገኘችውን ሟች፣ ሳቅ የማያውቀውን መርማሪ፣ ሁሉንም እንደ ጎረቤት ለምደዋቸዋል። ሐጂ ሰላሕ ግን ሁልጊዜ ይናደዳሉ፤ «ይህ ሰውዬ በጭጋግ ውስጥ ምን ያንከራትተዋል? አገሩን ሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ብሎ፣ አፈርሳታ አይቀመጥም? በስውር ጠቁሞ ምስጢር የሚያወጣ ወፍ የለም እንዴ በእንግሊዝ አገር?» ይላሉ። የሱቆቹ ዘበኛ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ ዱላውን ታቅፎ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀኝ፤ «ሟቿ ልጅ ነበራት ወይ?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልግባ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሐጂ ሰላሕ ሬዲዮ ተሰረቀ። የኋላው መስኮት ተገንጥሎ ተገኘ። ሰው ሲንጫጫ እኔ ልክ እንደ መርማሪው ኮቴን ሰብስቤ ከሱቁ ጀርባ በተደፋው አመድ ላይ ተንበረከክሁ። የበረባሶ ዱካ አገኘሁ፤ የጎማው ጥርስ ሦስት ሦስት እየሆነ ተሰልፏል፤ መሐሉን ሰንበር ያቋርጠዋል። ወረቀት ላይ ሣልሁት። ከዚያ የወልደ ሐዋርያትን እግር አስነሥቼ ባየው ያው ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ «ሌባው ጠባቂው ራሱ ነው፤ ማስረጃውም ይኸው!» አልሁ። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው ከሰሃላ የመጣ፣ እዚህ ዘመድ የሌለው ነው፤ የተማረ ሰው ካለማ ብለው ፖሊሶች ወሰዱት። እሱም ዘወር ብሎ «መምህር፣ ይህኛው እኮ ተረት አይደለም» ብሎኝ ብቻ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባታችን በረባሶ ደጃፍ ላይ ተገልብጦ አገኘሁት። ሦስት ሦስት ጥርስ፣ መሐሉን የሚያቋርጥ ሰንበር። እታለም፣ ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ መሶብ ስንበላ የአባቴን እግር አላየሁም ማለት ነው። እየሮጥሁ በረባሶ ቆራጩ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሄድሁ። ሳቀብኝ። «ከኮረም አንድ የጭነት መኪና ጎማ መጥቶልኝ ሰባት ሰው አጫማሁበት። አንተ ባለ ቆዳ ጫማ፣ እንግሊዙ ሁሉ የየራሱ ጫማ ይኖረው ይሆናል፤ እዚህ ግን ግማሹ ገበያ በአንድ ጎማ ነው የሚሄድ። ደግሞስ ዘበኛ የሚጠብቀውን ቤት ጀርባ ካልረገጠ የት ይርገጥልህ?» አለኝ።

ፊልሙን ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያየንበት ቀን ትዝ አለኝ። መርማሪው ያን የሟቿን ተከራይ ገዳዩ አንተ ነህ ብሎ በጫማው ዱካ ሲይዘው አንቺ «እሱ አይደለም፣ እጁን እየው» ስትዪኝ፣ እኔ «ዱካው አለ እኮ!» ብዬ ሳቅሁብሽ።

በማግሥቱ ቃሌን ላነሣ ጣቢያ ብሄድ፣ ነገሩ ለፊታችን እሑድ አፈርሳታ ተቀጥሯል፣ እዚያው ተናገር አሉኝ። ሐጂ ሰላሕ «ልጄ፣ ራስህን አታዋርድ፤ ወፉ ያወጣዋል» ይሉኛል። እናታችንም መሳቂያ ትሆናለህ ብላ እህል አልበላ ብሏታል። እኔ ግን ቆርጫለሁ። በሰው ፊት የከሰስሁትን በሰው ፊት ካላነሣሁ፣ ሰኞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለተማሪዎቼ ስለ ማስረጃ ምን ልናገር ነው? ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲሰበሰብ መሬት ላይ አመድ አስነጥፌ፣ የዚያን ጎማ በረባሶ ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ አስረግጣለሁ። ሌባው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱን አፈርሳታው ያውጣው። ሰዎቹን ስለምናቸው ግን አንገራገሩ፤ ማን ራሱን ለሌብነት ያስጠረጥራል? ይህን ማታ በእራት ላይ ሳወራ፣ አባታችን «የመጀመሪያውን እኔ እረግጣለሁ» አሉ። መሪጌታ ገብረ አምላክ ራሳቸው ይረግጣሉ ሲባል ጊዜ ሌሎቹም ከአንዱ በቀር እሺ አሉኝ።

ትናንት ስንቅ ይዤ ጣቢያ ሄጄ ወልደ ሐዋርያትን ጠየቅሁት። ይቅር በለኝ አልሁት። እሑድ ሲያልፍ እንነጋገራለን አለኝ። ልወጣ ስል ጠራኝና «ለመሆኑ ሴትዮዋን ማን ገደላት?» አለኝ። ሳያልቅ ነው የመጣሁት ብዬ ብነግረው፣ «እንግዲያ ለእኅትህ ጻፍ። ያ ተከራይ ብቻ እንዳይሆን» አለኝ።

አባታችን ከነምርቃታቸው፣ እናታችንም ዓይንሽን እስክታይ ቀን እየቆጠረች ሰላም ብለውሻል። ጋሼ ወልደ ገብርኤልን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ፤ ሕፃኗን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ሠራተኛችሁን ወለተ ገብርኤልንም ሳልረሳ ሰላም ብያለሁ።

ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ እኔ አመዱ ላይ ቆሜ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ቢሆንም መጨረሻውን ጋሼ ይተርጉሙልሽና ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ፤ ከሁሉ ይልቅ መርማሪው ተከራዩን ይቅርታ ጠይቆት እንደሆነ ንገሪኝ። የማነብበው ሐጂ ሰላሕ ደጃፍ ነው፤ ወልደ ሐዋርያት ዱላውን ታቅፎ ቦታው ላይ ሳይቀመጥ ግን ፖስታውን አልከፍተውም።

ወንድምሽ ደሴ ገብረ አምላክ
ሰቆጣ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.