በሐኪሙ ቤት ያሉት አሻንጉሊቶች

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ከጣልያን አንዳች ነገር አልለምንም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ልጅ ልጄ ስል ወደ ጣልያኑ ሐኪም ቤት ሄድሁ። እናቷ ከአርበኞች ጋር ወደ ዱር ስትገባ ከገዛ ቀሚሷ ቆርጣ አሻንጉሊት ሰፍታላት ነበር። ሕፃኒቱ ታማ ለሕክምና የሄደች ዕለት ሐኪሙ አሻንጉሊቷን በብስኩት ለውጦ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

አሻንጉሊት የሚሰበስብበትን ክፍል «ሙዜዮ» ይሉታል። ከፀሐይ ወደ ጨለማው እንደ ገባሁ በዙሪያዬ ሰው ተቀምጦ አየሁ፤ ትንንሽ ሴቶች፣ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ እኔ ያቀኑ። በሕልሜ ድምፅ የሌለበት ሰርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ኩታዬን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ «እንደምን ዋላችሁ» ስል እጅ ነሣሁ።

ለካ ሐኪሙ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ኖሯል። ፊቱ በደስታ በራ።

ልጅ ሳለ ዳዊት ያስደገምሁት የሐኪሙ አስተርጓሚ ሳቁን አፍኖ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «የኔታ፣ ለአሻንጉሊት እጅ ነሡ እኮ! ዝም ይበሉ፤ ሐኪሙ ለእርሱ መስሎታል።»

ኩታዬን መልሼ ደረብሁ። አስተርጓሚው የመጣሁበትን ሲነግረው ሐኪሙ ወዲያው የልጂቱን አሻንጉሊት አውርዶ ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ ልጂቱ ከእጄ ነጥቃ አቀፈቻት። ቆይታ አሸተተቻትና ቀና አለች።

«አባባ፣ አጥበዋታል። እማዬ እማዬ አትሸትም።»

 እናቷ የተወችውን መቀነት ከሣጥን አውጥቼ አሻንጉሊቷን ጠቀለልሁባት። ሽታው ይጋባባት እንደ ሆነ…